ከደንበኛ ጋር ስንሳሳት በራስ መተማመን ከየት ይመጣል?

ማስተማሩን ትተን በጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ የባህል ልብስ ትዕዛዝ መቀበል በጀመርንበት ዓመት ለአንዲት እህት የዒድ ልብሷ «ኢንሻአላህ ይደርሳል» አልናት። ሸማኔውን ግን አስቀድመን አልጠየቅነውም። ልብሱ ከዒድ በኋላ ደረሰ፤ ጥለቱም የመረጠችው አልነበረም። ቀብዷን መለስን። ከዚያ በኋላ ለወራት ዋጋ ስንጠየቅ ድምፃችን ይርድ ነበር፤ ማንም ሳይከራከረን እንቀንስ ነበር።

ለካ የጎደለን ድፍረት ሳይሆን ግልጽነት ነው። አሠርቶ ማስረከብ በፊቅህ ኢስቲስናዕ ይባላል፤ የዕቃው ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ተለይቶ መታወቅ አለበት። በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ የሚያዘው ደግሞ ሱረቱል በቀራ፣ አንቀጽ 282 ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ስለ ደብተርና ምስክር መሆኑን ስንት ዓመት ስናስተምር አላስተዋልንም!

አሁን የጥለቱን ናሙና ደብተር ላይ እናያይዛለን፤ ርዝመቱን በሜትር እንጽፋለን፤ ቀን የምንሰጠው ሸማኔውን ጠይቀን ነው። «ኢንሻአላህ»ም ከቃል መሸሻ አይደለችም።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሚጠቅመን ነገር እንድንበረታ፣ በአላህ እንድንታገዝ፣ አንዳች ሲደርስብንም «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» ከማለት እንድንቆጠብ አስተምረዋል። ይህ ግን የሰውን ሐቅ ከመመለስ ነጻ አያደርግም።

ያቺ እህት አልተመለሰችም። ባለፈው ረመዳን መጨረሻ የመጣ አንድ ወንድም ግን «ለዒድ አይደርስልህም» ስንለው ትንሽ አሰበና ለዐረፋ አዘዘ። ዋጋውንም አልቀነስንለትም።