የአበባ ብናኝ አፈጣጠርና ሞግዚቱ ህብረ ህዋስ

የሱፍ አበባን በእጁ የነካ ሰው ጣቱ ላይ ቢጫ ዱቄት ተጣብቆ ያገኛል። ይህን ዱቄት ብዙዎቻችን «የአበባ ወንዴ ዘር» ብለን በአንድ ስም እናልፈዋለን። አባባሉ ለዕለት ንግግር ይበቃ ይሆናል፤ በሥነ ሕይወት ዓይን ሲታይ ግን ትክክል አይደለም። እያንዳንዷ የብናኝ ቅንጣት በብስለቷ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ህዋሳት ብቻ ያሏት፣ ራሷን የቻለች ጥቃቅን ወንዴ ዕፅ ናት። ወንዴ ዘሮቹ በውስጧ የሚጓዙ ተሳፋሪዎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ብናኝ እንዴት እንደሚፈጠር እንመለከታለን፤ በተለይም በክፍል ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የሚታለፈውን ታፒተም የተባለ ህብረ ህዋስ ጠጋ ብለን እንመረምራለን።

የአበባ ወንዴ አካል ቀጭን ዘንግና በዘንጉ ጫፍ ላይ የተቀመጠ አንተር የተባለ ክፍል አለው። ለጋ አንተር በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ከረጢቶች ይታዩበታል። በየከረጢቱ መካከል የብናኝ እናት ህዋሳት ይገኛሉ፤ እነዚህን የሚከባቸው የመጨረሻው የውስጥ ሽፋን ታፒተም ነው። ስያሜው ከላቲን የመጣ ሲሆን ምንጣፍ እንደ ማለት ነው። ይሁንና ከሥራው አንጻር ሞግዚት ቢባል የተሻለ ይገልጸው ነበር።

የእናት ህዋሷ የመጀመሪያ ተግባር ካሎስ በተባለ ግድግዳ ራሷን ከጎረቤቶቿ መለየት ነው። ከዚያም በሚዮሲስ ሁለት ጊዜ ተከፍላ አራት ህዋሳት ታስገኛለች። የክሮሞዞም ቁጥር በግማሽ የሚቀንሰው በዚህ ጊዜ ነው። ጤፍን ብንወስድ የተክሉ ህዋሳት 40 ክሮሞዞሞች ሲኖሯቸው ከአራቱ አዳዲስ ህዋሳት ለእያንዳንዳቸው 20 ይደርሳቸዋል። አራቱም በካሎሱ ውስጥ እንደ ተቃቀፉ ይቆያሉ፤ የሚፈታቸው ታፒተም የሚያመነጨው ኤንዛይም ነው። ኤንዛይሙ ከጊዜው ቀድሞ ከመጣ ግድግዳው ሥራውን ሳይጨርስ ይሟሟል፤ ብናኙም መካን ይሆናል።

ከእስራቱ የተፈቱት ህዋሳት ማይክሮስፖር ይባላሉ። በከረጢቱ ፈሳሽ ውስጥ እየዋኙ ስኳሩንም ሌላውንም ምግብ ከታፒተም ይቀበላሉ። የውጭ ልብሳቸው የሚሠራበት ስፖሮፖሌኒን የተባለ ቁስም በአብዛኛው ከዚያው ይመጣል። ስፖሮፖሌኒን በሕያዋን ዘንድ ከሚታወቁት ቁሶች ሁሉ እጅግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ጠንካራ አሲድ እንኳ በቀላሉ አይበግረውም። በባሌ ተራሮች ከጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ወለል ከተወሰደው ደለል፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በአካባቢው የበቀሉትን ዕፅዋት መለየት የተቻለው ይህ ልብስ ሳይበሰብስ በመቆየቱ ነው። ነፍሳት በሚያራቧቸው አበቦች ደግሞ በጣታችን ላይ የቀረው ቅባትና ቢጫ ቀለም በአብዛኛው የታፒተም ቅሪት ነው።

ቀጥሎ ማይክሮስፖሯ በማይቶሲስ ትከፈላለች፤ ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። ትልቋ ህዋስ ወደፊት የብናኙን ቱቦ የምታበቅለው ናት። ትንሿ በትልቋ ውስጥ ትዋጣለች፤ ህዋስ በህዋስ ውስጥ የሚኖርበት ያልተለመደ ሁኔታ ይፈጠራል። ከዚያ ትንሿ ለሁለት ተከፍላ ሁለቱን ወንዴ ዘሮች ትሰጣለች። ይህ በበቆሎ፣ በስንዴና በሌሎችም የሣር ወገኖች ብናኙ ከአንተር ሳይወጣ ይፈጸማል፤ በቲማቲም ግን ብናኙ ስቲግማ ላይ ካረፈና ቱቦው ማደግ ከጀመረ በኋላ ነው። ከሁለቱ ወንዴ ዘሮች አንዱ ከእንቁላሉ ጋር ተዋህዶ ሽሉን ሲያስገኝ ሌላው የሽሉን ምግብ ያስገኛል። በየቤታችን የምንበላው የእህል ዱቄት በአብዛኛው ይኸው ምግብ ነው።

ታፒተም ይህን ሁሉ ካደረገ በኋላ በራሱ የጊዜ ሰሌዳ ይሞታል። ቀድሞ ቢሞት ልጆቹ ይራባሉ፤ ቢዘገይም ብናኙ ይበላሻል። ቅዝቃዜ ይህን ሥርዓት ሊያናጋ ይችላል። በሩዝ ላይ የተደረጉ ምርምሮች እንደሚያሳዩት ተክሉ ለብርድ በጣም ስስ የሚሆነው ማይክሮስፖሮቹ ገና እንደ ተፈቱ ባሉት ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በጃፓን የበጋው ወቅት ከልማዱ ውጭ በመቀዝቀዙ ከተለመደው የሩዝ ምርት አንድ አራተኛ ያህሉ ሲታጣ፣ ከዋና ምክንያቶቹ አንዱ ይኸው መካንነት ነበር።

የሰው ልጅ ግን ይህንኑ ድክመት ለጥቅሙ አውሎታል። ድቅል በቆሎ ለማምረት እናት የሚሆነው ተክል ራሱን እንዳያራባ በአናቱ ላይ የሚወጣው ወንዴ አበባ መነቀል አለበት፤ ይህም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። በቴክሳስ የተገኘ አንድ የበቆሎ ዓይነት ግን በማይቶኮንድሪያው ውስጥ ባለ ጂን የተነሳ ታፒተሙ ያለ ጊዜው ስለሚፈርስ ነቀላ አያስፈልገውም ነበር። በበቆሎ የታፒተም ህዋሳት ውስጥ የማይቶኮንድሪያ ቁጥር 40 እጥፍ ያህል ስለሚጨምር ጉዳቱ በዚያ ጎልቶ መታየቱ አያስገርምም። ይህ ዓይነት ተስፋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1970 ከአሜሪካ በቆሎ 85 በመቶ ያህሉን ሸፈነ። ያው ጂን የሚያስገኘው ፕሮቲን ተክሉን ቅጠል ለሚያደርቅ ፈንገስ መርዝ አጋልጦት ስለነበር በዚያው ዓመት ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ።

በጤፍ ማዳቀል ሥራ አንተሩን የሚያስወግደው የሰው እጅ ነው። ጤፍ በባሕርይው ራሱን የሚያራባ ተክል ሲሆን በየጥቃቅኑ አበባ ውስጥ ሦስት አንተሮች አሉት። አበባው የሚከፈተው መቼ እንደሆነ ባለመታወቁ ለረጅም ጊዜ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው ከጠዋቱ 12፡45 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ እንደሚከፈት አረጋገጡ። ከዚያ ወዲህ አዳቃዩ አንተሮቹን ሳይፈነዱ በማይክሮስኮፕ እየተመለከተ በቀጭን መቆንጠጫ ያወጣል፤ ጠዋት ደግሞ ከሌላ ዝርያ የተወሰደውን ትኩስ ብናኝ ስቲግማው ላይ ያሳርፋል። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ከሁለት ዝርያዎች፣ ከአንዱ ምርታማነትን ከሌላው የፍሬ ንጣትን ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ የተባለው ጤፍ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።