ዲበገር የተመለሰውን ውጤት ከየት ያነሳዋል?

አንድ ፋንክሽን ሥራውን ጨርሶ ወደ ጠራው ፋንክሽን ሲመለስ ውጤቱን የሚያስረክብበት ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ውጤቱ አንድ ሙሉ ቁጥር ከሆነ ነገሩ ያበቃል፤ ቁጥሩ በአንድ ሬጅስተር ይቀመጣል፣ ጠሪውም ከዚያው ያነሳዋል። ውጤቱ ብዙ መስኮችን በአንድ ያቀፈ ስትራክት ሲሆን ግን ከአንድ ሬጅስተር በላይ ይሆናል። ያኔ የት ይቀመጥ? ለዚህ ጥያቄ እያንዳንዱ የፕሮሰሰርና የኦፐሬቲንግ ሲስተም ጥምረት የራሱ ውል አለው። ኮምፓይለሩ ውሉን ስለሚያውቅ የጠሪውንም የተጠሪውንም ኮድ በዚያው መሠረት ያዘጋጃል። ከውጭ ቆሞ ፕሮግራሙን የሚመረምረው ዲበገር ግን ውሉን ለብቻው ማወቅ አለበት።

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረውን ጂዲቢ የተባለ ዲበገር እንውሰድ። ፊኒሽ የሚባል ትእዛዝ አለው። ፕሮግራመሩ አንድ ፋንክሽን ውስጥ ቆሞ ፊኒሽ ሲል፣ ጂዲቢ ፋንክሽኑ በሚመለስበት አድራሻ ላይ ጊዜያዊ ማቆሚያ ይተክልና ፕሮግራሙን ይለቀዋል። ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ጂዲቢም የተመለሰውን ውጤት ያሳያል። በዚያች ቅጽበት በእጁ ያለው የሬጅስተሮቹና የሜሞሪው ይዘት፣ እንዲሁም ኮምፓይለሩ ድዋርፍ በተባለው ፎርማት የተወለት መረጃ ነው። ድዋርፍ የስትራክቱን ስም፣ መጠንና የእያንዳንዱን መስክ ቦታ ይዘረዝራል። የፋንክሽኑ ተለዋዋጮች የት እንደሚገኙም ይናገራል። ተመላሹ ውጤት የት እንደተቀመጠ ግን አይጽፍም። ስለዚህ የጂዲቢ ጸሐፊዎች የየፕሮሰሰሩን ውል እያነበቡ ደንቡን በራሳቸው ኮድ ሊደግሙት ግድ ሆኗል፤ ኤልኤልዲቢ የተባለው ሌላ ዲበገርም ይህንኑ ያደርጋል።

ደንቡ ምን ያህል እንደሚለያይ ለማየት ትንሽ ስትራክት ይበቃል። ደረሰኝ እንበለው፤ ሁለት መስኮች አሉት፣ 8 ባይት የሆነ ሙሉ ቁጥር ለመለያ፣ 8 ባይት የሆነ ነጥብ ያለው ቁጥር ለዋጋ። በድምሩ 16 ባይት ነው። ባለ 64 ቢት ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ፕሮሰሰር ላይ በሊኑክስ ስናስኬደው ስትራክቱ ለሁለት ይከፈላል፤ መለያው አርኤኤክስ በተባለው ሬጅስተር፣ ዋጋው ነጥብ ላላቸው ቁጥሮች በተዘጋጀው ኤክስኤምኤም0 ይመለሳል። ያው ፕሮሰሰር ላይ ዊንዶውስ ስንጭን ደንቡ ይቀየራል። ዊንዶውስ በሬጅስተር የሚመልሰው 1፣ 2፣ 4 ወይም 8 ባይት የሆነውን ስትራክት ብቻ ስለሆነ፣ የእኛ ደረሰኝ ወደ ሜሞሪ ይሄዳል። ጠሪው ቦታ አዘጋጅቶ አድራሻውን በአርሲኤክስ በድብቅ ይልካል፣ ተጠሪው እዚያ ጽፎ አድራሻውን በአርኤኤክስ መልሶ ይሰጣል። ባለ 64 ቢት አርም ላይ በሊኑክስ ደግሞ ሁለቱም መስኮች፣ ነጥብ ያለውም ጭምር፣ በኤክስ0 እና በኤክስ1 ተከታትለው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ ዲበገሩ የኢንቴሉን የሊኑክስ ደንብ ይዞ አርም ላይ ቢሠራ ምን ይከሰታል? መለያውን ከኤክስ0 በትክክል ያነበዋል። ዋጋውን ግን ነጥብ ላላቸው ቁጥሮች ከተመደበው ሬጅስተር ስለሚፈልግ፣ ከቀደመ ስሌት የተረፈ ቁጥር ያገኛል። ፕሮግራመሩ መለያው ልክ መሆኑን አይቶ ዋጋውንም ያምናል፣ የሌለ ስህተት ሲያሳድድም ይውላል። ሙሉ በሙሉ የተበላሸ ውጤት ወዲያው ያስጠረጥራል፤ ግማሹ እውነት የሆነው ግን ሰውን ያሳስታል።

ደረሰኙ ላይ ሌላ 8 ባይት መስክ ስንጨምር መጠኑ 24 ባይት ይሆንና ሊኑክስም በሁለቱም ፕሮሰሰሮች ላይ ወደ ሜሞሪ ይወስደዋል። በኢንቴሉ በኩል ጠሪው የቦታውን አድራሻ በአርዲአይ ይልካል፤ ውሉም ተጠሪው ሲመለስ አድራሻውን በአርኤኤክስ እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል፤ ዲበገሩም አርኤኤክስን አይቶ ቦታውን ያገኛል። የአርም ውል ግን አድራሻው በኤክስ8 እንዲመጣ ብቻ ነው የሚያዝዘው። ተጠሪው ኤክስ8ን እንዲጠብቅ አልተገደደም፤ ለሌላ ሥራ ሊጠቀምበት ይችላል። ጠሪው ራሱ ያዘጋጀውን ቦታ ስለሚያውቅ አይቸገርም። የሚቸገረው ዲበገሩ ነው። የፓወርፒሲ ፕሮሰሰርም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። አድራሻው ሲገባ በአር3 ውስጥ ነበር፣ ሲወጣ ግን እዚያ ለመቆየቱ ዋስትና የለም። ለዚህ ጂዲቢ ያገኘው መፍትሔ፣ ኮምፓይለሩ በጠሪው በኩል ከጻፈው የድዋርፍ መረጃ ላይ ሬጅስተሩ በመግቢያው ቅጽበት ምን ይዞ እንደነበር ማስላት ነው። መረጃው ካልተገኘ ጂዲቢ የውጤቱን ዓይነት ይነግርና ይዘቱን መወሰን እንደማይችል ጽፎ ያቆማል። ይህን መልስ የዲበገር ድክመት አድርገው የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ለእኔ ግን ከጥንካሬዎቹ ሁሉ የምመርጠው ነው።

ነገሩ ሥሩ ሩቅ ነው። የሲ ቋንቋ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 ሲታተም ፋንክሽን ስትራክት መመለስ አይችልም ነበር። ችሎታው ሲመጣ ፒሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ስትራክቱን በአንድ ቋሚ የሜሞሪ ቦታ አስቀምጦ አድራሻውን ይመልስ ነበር። ያ ዘዴ ፋንክሽኑ በመካከል ዳግም ሲጠራ የመጀመሪያውን ውጤት ያጠፋዋል። በባለ 32 ቢት ኢንቴል ላይ ሊኑክስ ትንንሽ ስትራክቶችንም በሜሞሪ ሲመልስ ፍሪቢኤስዲ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሬጅስተር መለሰ። ጂዲቢም ተጠቃሚው ራሱ ደንቡን እንዲመርጥ የሚያስችል ማስተካከያ እስከ ማቅረብ ደርሷል።

ከሁሉ የሚገርመው የባለ 32 ቢት ስፓርክ ፕሮሰሰር ውል ነው። እዚያ ጠሪው ከጥሪው በኋላ የስትራክቱን መጠን የያዘ፣ ፕሮሰሰሩ ሊያስኬደው የማይችል አንድ ትእዛዝ ይተክላል። ተጠሪው ያን አይቶ ይዘለዋል፤ ማለትም ከተለመደው 8 ባይት ይልቅ 12 ባይት አልፎ ይመለሳል። ዲበገሩ ይህን ካላወቀ ማቆሚያውን ማንም በማይደርስበት ቦታ ይተክለዋል፣ ፕሮግራሙም ሳይቆም ያመልጠዋል።

ሲ++ ደግሞ ሌላ ሸክም ይጨምራል። ስትራክቱ የራሱ የመቅጃ ወይም የማፍረሻ ኮድ ካለው፣ 8 ባይት ብቻ ቢሆንም በሜሞሪ ይመለሳል። መጠን ማየት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ድዋርፍ 5 ኮምፓይለሩ ይህን በግልጽ ምልክት እንዲያደርግ መንገድ ከፍቷል።

ፕሮግራመሩ ከጂዲቢ ሆኖ ፋንክሽኑን በእጁ ሲጠራ ግን ሚናው ይገለበጣል። ያኔ ጠሪው ራሱ ጂዲቢ ነው። ስታኩ ላይ ቦታ ያዘጋጃል፣ አድራሻውን ውሉ በሚያዝዘው ሬጅስተር ይልካል፤ ቦታውን የመረጠው እሱ ስለሆነም ውጤቱን ፍለጋ አይንከራተትም።

እንግዲህ ፊኒሽ ብለው ዲበገርዎ ይዘቱን አላውቅም ካለዎት አይበሳጩበት። ጠሪው ውጤቱን በተለዋዋጭ የሚይዝ ከሆነ አንድ መስመር ወደ ፊት ይራመዱና ተለዋዋጩን ያሳትሙ። የተለዋዋጩን ቦታ ድዋርፍ ጽፎታል።