ለአደን የሚነሣ ሰው ልቡን እንዴት ያዘጋጅ?

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ባሕር ዳር የሄድህ እንደ ሆነ አንድ ቀን ማልደህ ተነሥና ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ወደ ጣና ዳር ውረድ። በዚያ ሰዓት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ታገኘዋለህ። ነፋሱ የሚነሣው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነውና ባለታንኳ ሁሉ ጧቱን ይሽቀዳደማል። ከደንገል የተሠራችው ታንኳ ከቄጠማው መካከል ብቅ ስትል ታያለህ። ወደ ደብረ ማርያም ደሴት፥ ዐባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት በኩል ጆሮህን ብትጥል ደግሞ የጉማሬ ድምፅ ትሰማ ይሆናል።

በዚህ ዳርቻ ጉማሬ ማደን መተዳደሪያቸው የነበረ ሰዎች ኖረዋል። እነርሱም ነገደ ወይጦ የሚባሉት የጣና ዳር ነዋሪዎች ናቸው። ዛሬ ያ አደን ቀርቷል። የልጅ ልጆቻቸው ዓሣ ያጠምዳሉ፥ ታንኳ ይሠራሉ፥ ከደንገልም ልዩ ልዩ ዕቃ ይሰፋሉ። የቀድሞዎቹ ግን በዚያች የሣር ታንኳ ተቀምጠው፥ ጦር ይዘው፥ ከጉማሬ ፊት ይቀርቡ ነበር። ከቆዳው ጋሻ ይበጅ ነበር፤ አለንጋም ይወጣው ስለ ነበረ አለንጋው ራሱ እስከ ዛሬ «ጉማሬ» ይባላል።

ይህ አደን ምን ያህል የሚያስፈራ እንደ ነበረ እስቲ አስበው። ያደገ ወንድ ጉማሬ ከ1,500 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ክራንቻው ግማሽ ሜትር ያህል ሊረዝም ይችላል። ውሃ ውስጥ ጠልቆ አምስት ደቂቃ ያህል ይቆያልና በየት በኩል ብቅ እንደሚል አታውቅም። ሣር የሚበላ እንስሳ ነው ብለህ እንዳትንቀው፤ ግዛቱ ሲደፈርበት፥ ይልቁንም ግልገል ያላት እናት ስትሆን፥ ታንኳ ለመገልበጥ አንድ ግፊት ይበቃታል።

እንግዲህ እንዲህ ካለው አውሬ ፊት የሚቀርብ ሰው ከጦሩ ሌላ ምን ይዞ ይሄድ ኖሯል? ብዙዎቻችን «ወኔ» ብለን እንመልሳለን። ያደግነው ፉከራና ቀረርቶ እየሰማን ነውና አዳኝ ሲባል ዓይኑ ደም የለበሰ ጎበዝ ይታየናል። ፉከራ ግን ቦታው ከድግሱ ላይ ነው። በውሃ ላይ የጋለ ልብ ጠላት ነው።

ለዚህም ምክንያቱን ሊቃውንት ያስረዱናል። ዋልተር ካነን የተባለ አሜሪካዊ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ሲፈራና ሲቈጣ ሰውነቱ እንዴት እንደሚለወጥ ገልጿል። አድሬናሊን የተባለው ቅመም በደም ውስጥ ይሠራጫል፤ ልብ ይመታል፤ ደም ወደ ታላላቆቹ ጡንቻዎች ይሮጣል። ይህ ሁሉ ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይጠቅማል። ነገር ግን ጣት ይንቀጠቀጣል፤ ዓይንም ከፊቱ ያለውን አንድ ነገር ብቻ እያየ የጎኑን ይስታል። ደፋርም ሆነ ፈሪ ከዚህ አያመልጥም። ልዩነቱ ያ ሰዓት ከመድረሱ በፊት በተደረገው ዝግጅት ላይ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ከመጽሐፍ ብቻ ቃርሜ አይደለም። አንድ ጊዜ ጉማሬ ፎቶግራፍ ላነሣ አንድ ሽማግሌ ባለታንኳ ለመንሁ። አያታቸው አዳኝ እንደ ነበሩ ሰምቻለሁ። እሳቸውም ከመነሣታችን በፊት መቅዘፊያቸውን ዘርግተው አንዲት የተንጋደደች ዛፍ አሳዩኝና፥

«ልጄ፥ ከዚያች ዛፍ አናልፍም፤ ብትለምነኝም አናልፍም። በዚህ ከተስማማን እንሂድ» አሉኝ።

እኔም እንደ ቀላል ነገር ቈጥሬ ተስማማሁ። ከዛፏ ስንደርስ ሁለት ጉማሬዎች ከግልገላቸው ጋር ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው አየሁ። ብርሃኑ ያምር ነበር፤ ልቤም መታ።

«ጋሼ፥ ዐሥር ክንድ ብቻ እንጠጋ!» አልሁ።

ሽማግሌው አልመለሱልኝም፤ ታንኳዋን አዙረው ነበር። በልቤ ስቈጣ ሳለሁ፥ እንጠጋ ባልሁበት ስፍራ ላይ ውሃው ተናወጠና ያላየነው ሦስተኛ ጉማሬ ብቅ አለ። ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ። እሳቸው ግን እንደ ቀድሞው ቀስ ብለው ቀዘፉ። ዳር ስንወጣ «አልፈሩም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እንዴታ፥ ፈርቻለሁ እንጂ! ግን ፍርሃቴን የምጨርሰው እዚህ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ውሃ ላይ ሆኖ የሚያስብ ሰው አስቦ ሳይጨርስ ይሰጥማል» አሉኝ።

አንባቢዬ፥ የአዳኝ ጸጥታ ምስጢሩ ይህ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነበር። ፒተር ጎልቪትዘር የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ልቡና ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ የሚመስል ነገር አስረድቷል። «እጠነቀቃለሁ» ብሎ በደፈናው ከሚያስብ ሰው ይልቅ፥ «እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው ሐሳቡን ይፈጽማል። ውሳኔው አስቀድሞ ተጠናቋልና በጭንቅ ሰዓት አእምሮው አይዋልልም።

ስለዚህ ለአደን የምትነሣ ከሆነ እነዚህን አራት ነገሮች አስብ።

አንደኛ፥ ትጥቅህን ማታውኑ አሰናዳ። ጧት ገመድና ስንቅ የሚፈልግ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ልቡ ተበትኗል። ከዚያም በጊዜ ተኛ፤ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ቅጠሉን ሁሉ አውሬ ያደርገዋል።

ሁለተኛ፥ የእንስሳውን ጠባይ አጥና። ጉማሬ ሌሊት ከውሃ ወጥቶ ሣር እንደሚግጥ፥ ሲነጋም ወደ ውሃው እንደሚመለስ ያወቀ ሰው በእርሱና በውሃው መካከል አይቆምም፤ በየብስም ቢሆን በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣልና አታመልጠውም። ያወቁትን ነገር መፍራት ጥንቃቄ ያስተምራል፤ ያላወቁትን መፍራት ግን ያስደነብራል።

ሦስተኛ፥ ልብህ ሲመታ ትንፋሽህን ጠብቅ። ቀስ ብለህ ሳብ፤ ከሳብህበት ይልቅ አርዝመህ አስወጣ። ረጅም ትንፋሽ የልብን ምት ያረግባል። ይህን ግን ቤትህ ሳለህ ተለማመደው እንጂ አውሬው ፊት ስትደርስ አትጀምረው።

አራተኛውና ዋናው፥ ወሰንህን ከመነሣትህ በፊት አስምር። እስከ የት እንደምትጠጋ፥ በስንት ሰዓት እንደምትመለስ፥ ምንን እንደማትነካ ቁረጥ፤ ለጓደኛህም ንገረው። ባዶ እጅ መመለስንም ከወዲሁ ተቀበለው። «ምን ይሉኛል?» የሚለው ሐሳብ ከአውሬው ይልቅ ብዙ አዳኝ አሳስቷል።

ሕግም ቢሆን የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በአገራችን የአውሬ ጥበቃ አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1944 ነበር። ዛሬም አደን ያለ ፈቃድ አይደረግም፤ የእንስሳው ዓይነትና ቍጥር፥ ስፍራውም ጭምር አስቀድሞ ይወሰናል። ፈቃድ ሳይኖረው የሚተኩስ ሰው በቄጠማው ውስጥ የሚያዳምጠው የአውሬውን ኮቴ ብቻ ሳይሆን የጠባቂውንም ነውና፥ እንዴት የልብ ሰላም ያገኛል? ጣናም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። እዚያ ያለውን ጉማሬ በካሜራህ ይዘህ ብትመለስ ይበቃሃል፤ ካሜራ ለያዘም ሰው ቢሆን ጉማሬው ያው ጉማሬ ነው፥ ዝግጅቱም አይለወጥም።

ምናልባት አንተ ተማሪ ነህ፤ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ትይዛለህ፤ ታንኳ ላይም ወጥተህ አታውቅ ይሆናል። ነገር ግን የፈተናው ወረቀት ሲገለበጥ፥ ወይም የማይገባ ነገር ላይ እንድትፈርም አንድ ሰው ፖስታ በጠረጴዛህ ላይ ሲያኖር፥ ያን የልብ ምት ታውቀዋለህ። በዚያን ጊዜ ምን እንደማደርግ አስባለሁ ብትል ረፍዷል። ዛሬ፥ ደረቅ መሬት ላይ ሳለህ፥ የማታልፋትን ዛፍ ምረጥ።

ሽማግሌው ተሰናብተውኝ ሲሄዱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ አቆሟት። ደንገል ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ካልደረቀ ለነገ አይሆንም። የነገውን መንገድ ዝግጅት የጀመሩት የዛሬው ገና ሳይደርቅ ነበር።