ማትሪክ ካለፈ በኋላ መጽሐፍ ማን ይገልጣል?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ማንም ሳያዛችሁ፣ ፈተናም ሳይኖርባችሁ፣ አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው የዘለቃችሁት መቼ ነው? «ጊዜ የለኝም» የምትሉትን ለዛሬ ትቻችኋለሁ፤ እሱን ሁላችንም እንለዋለን። «እኔ ለንባብ አልተፈጠርኩም» የምትሉት ግን ጠጋ በሉ። ለንባብ ተፈጥሮ የመጣ ሰው የለም!

ነገሩ የሚጀምረው በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጁ «የላም በረት!» ብሎ ሲጠጋ፣ ያኔ ተጀምሯል። «ከዚያስ?» ማለት የለመደ ልጅ፣ አያቱን እንቅልፍ ሲጥላት ቀሪውን ከየትም ይፈልጋል። ችግሩ ፊደል ቆጥሮ ሲመጣ የሚጠብቀው ሌላ ነገር መሆኑ ነው።

በቄስ ትምህርት ቤት ዘመን ንባብ ደረጃ ነበረው። ፊደል፣ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ዳዊት ለደገመ ልጅ ይደገስለታል፤ ለብዙው ሰው ትምህርት እዚያ ላይ አለቀ። ታዲያ ዛሬስ ያው አይደለንም? በዳዊት ቦታ ማትሪክ ገባ እንጂ «ጨረስኩ» ማለቱ አልቀረም። ፈተናው ባለፈ ማግስት ደብተርና መጽሐፍ ባለሱቁ ዘንድ ሄዶ የበርበሬና የስኳር መጠቅለያ ይሆናል። (ከዚያው መጠቅለያ ላይ እያነበበ አንባቢ የሆነም አይጠፋም። ታሪኩ ልብ ሲያንጠለጥል ወረቀቱ ያልቃል፤ ቀሪው ጎረቤት በገዛው ስኳር ላይ ነው!)

እስቲ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለን ማንቡክን እንይ። መተከል ዞን፣ ዳንጉር ወረዳ፤ ከቻግኒ በግልገል በለስ አድርጎ ወደ ጉባ፣ ወደ ሕዳሴው ግድብ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጉሙዙ፣ አገው፣ አማራው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው የሚኖርበት ወረዳ ነው። እዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ አንድ የጉሙዝ ልጅ አስቡ። ተረቱን ከእናቱ የሰማው በጉሙዝኛ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መማሪያው እንግሊዝኛ ሆነበት። ጆሮው በአንድ ቋንቋ፣ ዓይኑ በሌላ፣ ፈተናው በሦስተኛ! በ1971 የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ድረስ ተዳርሶ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያሸልመን፣ ከ15ቱ ውስጥ ጉሙዝኛ አልነበረበትም፤ በክልሉ ትምህርት ቤቶች የገባው ኋላ ነው። በ2013 ደግሞ በመተከሉ ግጭት ስንቱ ከቀዬው ሲፈናቀል መማሩም አብሮ ተቋረጠ። እንግዲህ ይህን ልጅ «የዘንድሮ ወጣት አያነብም» ብሎ መዝለፍ ለማን ይቀላል? አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ እየተከራየ ላደገ ሰው!

ደግሞ ዘግይቶ መጀመር የሚያሳፍር አይደለም። የነገሌ ቦረና ተወላጅ የሆነ አንድ ሰው፣ ከክፍል ትምህርት ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያነብ 19 ዓመቱ ነበር። ምን ይመስላችኋል? ፍልስፍና? ታሪክ? ከሰው የተዋሳት ስስ ሽፋን የፍቅር ልብ ወለድ! በዚያው ተለከፈ። ስደት አሜሪካ ሲያደርሰው ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ፤ መደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ። ራሱ አንድ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ። ወደ አገሩ ተመልሶም በ1995 አዲስ አበባ፣ ሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎ ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ የጫነ የአህያ ጋሪ ልጆች ወዳሉበት መዞር ጀመረ። ይህ ሁሉ የመጣው አዋቂ ነን ባዮች «ዝባዝንኬ» ከሚሏት መጽሐፍ ነው።

እና ታናሻችሁ የፍቅር ልብ ወለድ ትራስ ሥር ደብቃ ስታነብ ብትይዟት ተዉአት። የምታነበው ለፍቅር ደብዳቤ የሚሆን ቃል ለመልቀም ቢሆንስ? ስንቱ አንባቢ በዚያ በር ነው የገባው! በ1975 የወጣው «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብም ሰው ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ በድብቅ አነበበው። ሰው የሚያነበው ልቡ ሲፈልግ ነው፤ ሌላው ሁሉ የቤት ሥራ ነው።

ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ መጽሐፉ ራሱ ይለወጥባችኋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ፤ በ1958 የታተመውን፣ በኢትዮጵያ ሬድዮ ሲተረክ ማንበብ የማይችለው ሳይቀር የሰማውን። በ16 ዓመታችሁ ስታነቡት የሚያስለቅሳችሁ የበዛብህና የሰብለ ነገር ነው። በ25፣ ከአለቃ ጋር ተጣልታችሁ ስትገልጡት፣ ያኔ ዘላችሁት ያለፋችሁት የጉዱ ካሣ ንግግር ቆንጥጦ ይይዛችኋል። ልጅ ወልዳችሁ ስትመለሱበት ደግሞ ዓይናችሁ የሚያርፈው በበዛብህ ወላጆች ላይ ነው፤ ልጁ በሕይወት እንዲቆይላቸው ብለው ለቤተ ክርስቲያን በተሳሉት ስለት ላይ። ያኔ ፍቅረኞቹን ብቻ ያየ ሰው አሁን «እኔስ ልጄን ለማን ተስያለሁ?» ይላል። ማትሪክ ላይ ያቆመ ሰው የሚቀርበት ይሄ ነው።

ምን ይሻላል ለምትሉ... መጀመሪያ፣ ሠላሳ ገጽ ሄዳችሁ ያልያዛችሁን መጽሐፍ አስቀምጡት፤ ማንም አይቆጣችሁም። ስልካችሁ ላይ የተጠራቀመውን ፒዲኤፍ ደግሞ አርባ መጽሐፍ አለኝ ብላችሁ አትኩራሩበት፤ አንዱን ክፈቱና ጨርሱት። ፍቅረኛ ያላችሁ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ያዙ። እሷ ቀድማ ከጨረሰች መጨረሻውን እንዳትነግረው፤ በዚህ የተጣሉ አውቃለሁ!

ለማንቡኩ ልጅ ግን ሌላ ነገር አለኝ። በአማርኛ ያነበብከውን ማታ ለታናናሾችህ በጉሙዝኛ ተርክላቸው። ልብ የሚያንጠለጥለው ቦታ ላይ ስትደርስ «ነገ» ብለህ ተነስ። ከዚያ አራት አምስት ሆናችሁ አዋጡና ወደ ቻግኒ ወይም ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ስታገኙ አንድ መጽሐፍ አስመጡ፤ በተራ ይነበባል፣ አንዱ ጋ ከሁለት ሳምንት በላይ አያድርም። ቅጠል ጎድሎ ከተመለሰ ግን መዋጮውን የሚከፍለው የመጨረሻው አንባቢ ነው!