ከግንባር የመጣ ትዝታ በናይሮቢ ቤቶች

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2016 ንጋት ላይ የአልሸባብ ታጣቂዎች በሶማሊያ ጌዶ ክልል ኤልአዴ በተባለ ስፍራ የነበረውን የኬንያ ጦር ሰፈር በፈንጂ በተሞላ መኪና ሰብረው ገቡ። የኬንያ ሠራዊት ከዚያ የከፋ ቀን አይቶ አያውቅም። መንግሥት ስንት ወታደር እንደሞተበት በይፋ አልተናገረም፤ ሲኤንኤን ያደረገው ምርመራ ቢያንስ 141 ሲል፣ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ሼክ መሐሙድ ቁጥሩን ወደ 180 አድርሰውታል። ልክ በሦስተኛው ዓመት፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 2019፣ የዚያው ቡድን ታጣቂዎች ናይሮቢ ውስጥ ሪቨርሳይድ ላይ ያለውን የዱሲትዲ2 ሆቴል ግቢ አጠቁ፤ 21 ሰዎች ተገደሉ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኤልአዴ በሕይወት ተርፎ ናይሮቢ የገባ ወታደር ያን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፈው መገመት አይከብድም። ዕለቱ ያው ዕለት፣ ጠላቱ ያው ጠላት፣ ተኩሱ ግን አሁን ልጆቹ በሚማሩበት ከተማ። አደጋው የደረሰበት ቀን በዞረ ቁጥር ሕመማቸው የሚብስባቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ብዙ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ደህና የሰነበተ ሰው ያ ሳምንት ሲደርስ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ መጠጥ ያበዛል። ሚስቱ ምን እንደነካው ላይገባት ይችላል። ስለ ኬንያውያን የምጽፈው ነገሩ የእኛንም ቤት ስለሚያንኳኳ ነው።

ኬንያ ጦሯን ወደ ሶማሊያ ያስገባችው በኦክቶበር 2011 ነበር። በ2012 ጦሩ በአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ሥር ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች በየተራ ዘምተው ተመልሰዋል። ከእነሱ መካከል በናይሮቢ ላንጋታ፣ ካሃዋና ኤምባካሲ የጦር ሰፈሮች ወይም በአካባቢው ባሉ የኪራይ ቤቶች ከቤተሰቦቻቸው ጋር የሚኖሩ አሉ። ቁስለኛው ምባጋቲ መንገድ ላይ ባለው የመከላከያ መታሰቢያ ሆስፒታል ይታከማል። የተሰበረ እግር በራጅ ይታያል፤ እዚህ የማወራው ግን በራጅ ስለማይታየው የአእምሮ ሕመም ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅ፦ ጦርነት ያየ ሁሉ አይታመምም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የቬትናም ዘማቾች ላይ የተደረገው ትልቅ ሀገር አቀፍ ጥናት ከወንዶቹ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በዚህ ሕመም እንደተያዙ አሳይቷል። ከቀሩት ብዙዎቹ ከትዝታቸው ጋር ኖረው ሥራቸውንም ቤታቸውንም ይዘው ቀጥለዋል። ሕመሙን ባለሙያዎች ፒቲኤስዲ፣ በአማርኛ ድኅረ አደጋ ጭንቀት ይሉታል። በሕክምና መዝገብ ውስጥ በዚህ ስም የገባው በ1980 ነው፤ ሕመሙ ግን ከጦርነት እኩል ያረጀ ነው።

የሚሠራውም እንዲህ ነው። አሚግዳላ የሚባለው የአንጎላችን ትንሽ ክፍል አደጋን ያነፈንፋል፤ ገና ሳናስብ ልባችን እንዲመታ፣ ጡንቻችን እንዲወጠር ያደርጋል። ሂፖካምፐስ የሚባለው ደግሞ የሆነውን ነገር ከቀኑና ከቦታው ጋር ያያይዛል፤ «ይህ አምና ነው፣ እዚያ ነው፣ አልፏል» ይለናል። ሞት ፊት ለፊት ሲመጣ የመጀመሪያው ከልክ በላይ ይነሣሣል፣ የሁለተኛው ሥራ ይዛባል። ያ ትዝታ ቀን ያልተጻፈበት፣ ያልተዘጋ ዶሴ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሲመጣበት ሰውየው አሁን፣ እዚሁ፣ እንደገና እየደረሰበት ያለ ይመስለዋል፤ ላቡም የልብ ምቱም የዚያን ዕለት ነው።

ናይሮቢ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው ጸጥተኛ ከተማ አይደለችም። የማታቱ (የከተማው ሚኒባስ) ጭስ ማውጫ እንደ ጥይት ይጮኻል። በየባንኩና በየገበያ አዳራሹ በር ላይ ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ ቆሟል። በጁን 2024 ወጣቶች የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው አደባባይ ሲወጡ መሐል ከተማው በአስለቃሽ ጭስና በጥይት ድምፅ ተሞልቶ ነበር። የታመመው ሰው ይህን ሁሉ ላለመስማት ብሎ ከቤት መውጣት ይተዋል፤ ሠርግ አይሄድም፣ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ከገባ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ሌሊት ይባንናል። ቀን ደግሞ ስሜቱ ይደነዝዛል፤ ልጁ ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ስትመጣ ደስ ሊለው እንደሚገባ ያውቃል፣ ደስታው ግን አይመጣም። ራሱን ይወቅሳል፣ ሰው አያምንም፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል። እነዚህ ምልክቶች ከአንድ ወር በላይ ቆይተው ሥራን ወይም ትዳርን ካናጉ ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል።

ከፍርሃቱ ሌላ ከባድ ነገር አለ፤ የኅሊና ቁስል። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም ጆናታን ሼይ የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም አለቆቻቸው እንደከዷቸው የሚሰማቸው ወታደሮች ቁስላቸው ይበልጥ እንደሚጠና አስተውሎ በ1994 ጽፎበታል። ኤልአዴን በዚህ ዓይን ተመልከቱት። ጓደኛህ አጠገብህ ወድቋል፣ አንተ ተርፈሃል፣ ሀገርህ ደግሞ ስንት እንደሞቱ አትናገርም። በእኛ ባህል ለቅሶ ሳይቀመጡበት የቀረ ሞት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እናውቃለን። መንግሥት ቁጥሩን መደበቁ ጠላትን ላለማስደሰት ነው ቢባልም፣ የተረፉትን በዝምታ ውስጥ ዘግቶባቸዋል፤ ስህተት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ዝምታ በናይሮቢ አዲስ አይደለም። ኬንያታ ጎዳና ላይ የቆሙት ሦስት የነሐስ ሐውልቶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላገለገሉ አፍሪካውያን መታሰቢያ ናቸው፤ ጽሑፉ ለሀገሩ ተዋግቶ የሞተ ሰው ስሙ በልጆቹ እንደሚታወስ ይናገራል፣ በሕይወት ስለተመለሰው ግን ምንም አይልም። ካሪኮር የሚባለው ሰፈርና ገበያ ስሙን ያገኘው በዚያ ጦርነት ሸክም ተሸክመው በአሥር ሺዎች ካለቁት የጭነት ክፍል ሰዎች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው የእንግሊዝ ቅኝ ገዥ ጦር ወታደሮች በ1941 እኛው ሀገር ገብተው እስከ ጎንደር ተዋግተዋል፤ ከዚያ ወደ በርማ የተላኩ አሉ። በርማ ከዘመቱት አንዱ ዋሩሂዩ ኢቶቴ በኋላ ጄኔራል ቻይና ተብሎ ማው ማው የተባለው የፀረ ቅኝ ግዛት አመፅ አዛዥ ሆነ። በዚያ ዘመን ከተማዋ የነበራት የአእምሮ ሕክምና በ1910 የተከፈተው ማታሪ ሆስፒታል ነበር፤ ለዓመታት የመራው ሐኪም ካሮተርስ ደግሞ የአፍሪካዊ አእምሮ ከአውሮፓዊ ያነሰ ነው የሚል ሐሳብ የጻፈ ሰው ነው። አሮጌው ትውልድ «ማታሪ» ሲባል ቢሸማቀቅ ምክንያት አለው። ዛሬ ግን ማታሪ ኬንያውያን ባለሙያዎች የሚሠሩበት ብሔራዊ የማስተማሪያና ሪፈራል ሆስፒታል ነው።

ወደ ቤቱ እንግባ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ሰውየው ሲዘምት ሚስቱ ብቻዋን ኪራዩን፣ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ የታመመ ልጁን ሁሉ ችላለች። ሲመለስ «አባወራው መጣ» ተብሎ ቁልፉ ሁሉ እንዲመለስለት ይጠበቃል፤ እሱ ግን ትእዛዝ በጩኸት ከሚሰጥበት፣ የዘገየ ከሚሞትበት ቦታ ነው የመጣው። ልጅ ጫማውን ለማሰር ሲዘገይ የሚጮኸው ለዚህ ነው። ቀስ በቀስ ቤተሰቡ ትንፋሹን ውጦ መኖር ይለምዳል፦ ብርጭቆ እንዳይወድቅ፣ በር እንዳይንኳኳ፣ ቴሌቪዥኑ ዜና እንዳያሳይ። ልጆች አባታቸው የሚጠላቸው ይመስላቸዋል፤ አንዳንዱ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል። ስለዚህ ለልጅ በዕድሜው ልክ እውነቱ ይነገረው፦ «አባትህ ጦርነት ላይ ክፉ ነገር አይቷል፣ አንዳንዴ ያስደነግጠዋል፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፣ እየታከመ ነው።»

ሲባንን ነቅንቃችሁ አታስነሡት፤ ከራቅ ብላችሁ ስሙን ጥሩት፣ መብራት አብሩ፣ የት እንዳለ ንገሩት። «ስንት ሰው ገደልህ?» የሚለውን ጥያቄ ማንም አይጠይቀው፤ ጎረቤትም፣ አማችም። ታሪኩን እንዲያወራ አትጫኑት፣ ሊያወራ ሲጀምርም «ተወው፣ ይረሳል» ብላችሁ አፉን አትዝጉበት። ምግብና እንቅልፍ ሰዓታቸውን ቢይዙ ያረጋጋዋል። አረቄውም ሆነ የናይሮቢው ቻንጋ ለአንድ ሌሊት ያስተኛዋል እንጂ ቅዠቱን አይፈውስም፣ ቁጣውን ያብሳል። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።

ሕመም የድብደባ ፈቃድ አይደለም። ባሏ የሚመታት ሴት «ታሞ ነውና ልቻል» ተብላ በሽማግሌ ወደዚያው ቤት መመለስ የለባትም። እሷና ልጆቿ መጀመሪያ ከአደጋ ይውጡ፣ እሱም ይታከም፤ አንዱ ለሌላው እንቅፋት አይሆንም።

ሕክምናው አለ፣ ይሠራልም። የሚመረጠው በትዝታው ላይ የሚያተኩር የንግግር ሕክምና ነው፤ ሰውየው ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ሆኖ የሸሸውን ትዝታ በልኩ እየቀረበ ቀኑን፣ ቦታውንና መጨረሻውን ያስይዘዋል። ለእኛ አካባቢ ተስፋ የሚሰጠው በ2004 የታተመው የኡጋንዳው ጥናት ነው። በኢምቬፒ ሰፈር 43 የሱዳን ስደተኞች በሦስት ቡድን ተከፈሉ፤ ሕይወታቸውን ከልደት ጀምረው በቅደም ተከተል የሚተርኩበትን ሕክምና አራት ጊዜ ብቻ ካገኙት መካከል ከዓመት በኋላ ሕመሙ አሁንም ያልለቀቃቸው 29 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ፤ በሌሎቹ ሁለት ቡድኖች ግን 80 በመቶ ገደማ። ከመድኃኒት ሰርትራሊንና መሰሎቹ ይረዳሉ፣ ለውጣቸው እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃሉ። ዳያዚፓምን በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥ ግን ሱስ ያስይዛል፣ ለዚህ ሕመም መፍትሔ ተብሎም አይመከርም። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ።

የኬንያ ሕግም ቀስ እያለ መንገዱን እየያዘ ነው። በ2022 የአእምሮ ጤና ሕጉ ተሻሻለ፣ የቀድሞ ወታደሮችን የሚመለከት ሕግም ወጣ። በጃንዋሪ 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ራስን ለማጥፋት መሞከርን ወንጀል የሚያደርገው አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ከዚያ በፊት በትዝታው ተሰቃይቶ ሞትን የሞከረ ሰው እስከ ሁለት ዓመት ሊታሰር ይችል ነበር። የታመመው ሰው ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ በሩን ይከፍትለታል። ናይሮቢ ያለ ሰው የኬንያ ቀይ መስቀልን ነጻ መስመር 1199 መደወል ይችላል።

ናይሮቢ ለእኛ ሌላም ትርጉም አላት። በ1991 የደርግ ሠራዊት ሲበተን ከወታደሮቹ ከፊሎቹ ድንበር ተሻግረው ኬንያ ገብተዋል፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ጦር አባላት በአዲስ አበባም በየክፍለ ሀገሩም ቁስላቸውን ይዘው ብቻቸውን አረጁ። ኖቬምበር 12 ቀን 2022 ደግሞ የፌዴራሉ ጦር አዛዥ ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና የትግራይ ኃይሎች አዛዥ ጄኔራል ታደሰ ወረደ የትግራይን ጦርነት ያስቆመውን የፕሪቶሪያ ስምምነት ማስፈጸሚያ ሰነድ የፈረሙት እዚያው ናይሮቢ ነው። ሰነዱ ስለ ትጥቅ ማስረከብና ስለ ሰብዓዊ እርዳታ ይናገራል። ብሔራዊ የተሐድሶ ኮሚሽን በየክልሉ ወደ ኑሮ እመልሳቸዋለሁ ያላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። መሣሪያ ተቆጥሮ ይረከባል፤ ትዝታው ግን ከሰውየው ጋር ቤቱ ይገባል። ከሚሰጠው ገንዘብና ሥልጠና ጋር የአእምሮ ሕክምና ካልተመደበለት፣ ወጪውን የምትከፍለው ሚስቱ ናት፣ የሚከፍሉት ልጆቹ ናቸው።

ይህን የምታነቡ ከቤታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ብቻውን «ሂድ ታከም» አትበሉት። ቀጠሮውን ያዙለት፣ አብራችሁት ሂዱ፣ ወደ ባለሙያው ክፍል እስኪገባ አብራችሁት ጠብቁ።