እንገር ለጥጃው ሳይዘገይ መድረስ ያለበት ለምንድን ነው?

ላም እንደወለደች የሚታለበው ወፍራምና ቢጫማ ወተት እንገር ይባላል። በአንዳንድ ቤት እንገሩ ተፈልቶ ለቤተሰብ ይቀርባል፤ በሌላው ጥጃውን ያስቀምጠዋል ተብሎ ይደፋል፤ የእንግዴ ልጁ እስኪወርድ ድረስ ጥጃው እንዳይጠባ የሚከለከልበትም አለ። እነዚህ ልማዶች ጥጃውን ለተቅማጥና ለሳንባ ምች ያጋልጡታል።

ፕሮቲን ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት ሰውነትን የሚገነባ ምግብ ነው። አንዳንድ ፕሮቲኖች ግን ከምግብነት ያለፈ ሥራ አላቸው። በእንገር ውስጥ በብዛት የሚገኙት አንቲቦዲዎች፣ እናቲቱ ከዚህ ቀደም የተዋጋቻቸውን ተሕዋስያን ለይተው ይይዛሉ። ላክቶፌሪን የሚባለው ሌላው ፕሮቲን ደግሞ ብረት የተባለውን ማዕድን አጥብቆ በመያዝ ባክቴሪያዎች እንዳይራቡ ያግዛል።

የሰው ልጅ ገና በማህፀን ሳለ ከእናቱ አንቲቦዲ ይቀበላል። የላም የእንግዴ ልጅ ግን አንቲቦዲ አያሳልፍም፤ ጥጃው ያለ መከላከያ ይወለዳል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አንጀቱ እነዚህን ፕሮቲኖች ሳይፈጭ ወደ ደም ያስገባል። ይህ በር በየሰዓቱ እየጠበበ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠባው እንገር ምግብ ቢሆነውም አንቲቦዲው ወደ ደሙ አይገባም።

የእንግዴ ልጅ ለመውረድ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል፣ እሱን መጠበቅ የጊዜውን እኩሌታ ያባክናል። እንዲያውም ጥጃው ሲጠባ በላሟ ሰውነት የሚመነጨው ኦክሲቶሲን ማህፀኗን ያኮማትራል፤ የእንግዴ ልጁ እንዲወርድም ይረዳል። እንገር የጥጃውን ሆድ ማላላቱ እውነት ነው፤ የሚወጣው ጥቁርና የሚያጣብቅ እዳሪ ግን በማህፀን ሳለ የተጠራቀመ እንጂ የበሽታ ምልክት አይደለም።

ስለዚህ የላሟ ጡት ታጥቦ ጥጃው ቢቻል በ2 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ ሊጠባ ይገባል። መጠኑ የክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ 25 ኪሎ ለሚመዝን ጥጃ 2 ሊትር ተኩል ማለት ነው። መቆም ያቃተው በንጹሕ ጡጦ ይጠጣ።

የቤተሰቡ ድርሻ ከጥጃው የተረፈው ነው። ሰው እንገርን በጥሬው መጠጣት የለበትም፤ ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ሊተላለፍበት ይችላል። ሲፈላ እንደ እንቁላል የሚረጋው ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ስለሚያጡ ነው፤ መከላከያነቱ ጠፍቶ ምግብነቱ ይቀራል። ማቀዝቀዣ ያለው የከተማ አርቢ ትርፉን በበረዶ አቆይቶ እናቱ ለሞተችበት ጥጃ ሊያውለው ይችላል፤ ሲያቀልጠው ለብ ባለ ውኃ እንጂ በእሳት አይሁን።