ሶላር ለቤትዎ ጣራ ይስማማልን?

በአዋሽና በሰመራ የፀሐይ እጥረት የለም። ይሁን እንጂ ፀሐይ ስለበዛ ብቻ ሶላር ያዋጣል ማለት አይደለም። ፍየል ተሸጦ የተገዛ ሰሌዳ ለኪሳራ እንዳይዳርግ፣ ከግዢው በፊት የሚከተሉትን ነጥቦች ማጤን ይገባል።

1ኛ/ ጥላ፦ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ጣራው ላይ ጥላ እንዳያርፍ ይመልከቱ። ጥቂት ጥላ እንኳ ብዙ ኃይል ያስቀራል። ፕሮሶፒስ ቶሎ ስለሚያድግ ለከርሞ የሚሆነውንም ይገምቱ።

2ኛ/ ሙቀት፦ ሰሌዳው የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ በየዲግሪው ከመቶ 0.4 እጅ ያህል ኃይል ያጣል። በ65 ዲግሪ ከመቶ 16 እጅ ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ በተለይ ቆላማ በሆነችው ሰመራ፣ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር። ባትሪውም ሙቀት ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው ጥላ ሥር ይቀመጥ።

3ኛ/ ጣራ፦ ወራጁና ማገሩ በምስጥ ያልተበላ መሆኑ ይረጋገጥ። ሰሌዳው ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። የሰሌን ቤት ሸክሙን ስለማይችል ሰሌዳው በጽኑ ምሰሶ ላይ ይሰቀል።

4ኛ/ አቧራ፦ ሰሌዳው ሳይግል፣ ጧት በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። በመሰላል የማይደረስበት ጣራ አይመረጥም።

ጣራው ከነዚህ አንዱን ካላሟላ፣ ጥላ በሌለበት ግቢ ምሰሶ መትከል ይሻላል።